ይነቅላል እንጂ አይተክልም

“እማዬ፣ መድኑ ጥርስ ይተክላል ወይ?”

ጥያቄው የመጣው ዘነበች ጥጃውን ከላሟ ጡት ለማላቀቅ ስትታገል ነው። ቀና ብላ ልጇን አየችው። አስማረ በጋቢው አፉን ሸፍኖ የበሩን መቃን ተደግፏል፤ የላይኛው ከንፈሩና ግራ ጉንጩ ዛሬም እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። “እስቲ ይህን ጥጃ ያዝልኝ” አለችው።

ጥጃውን ያዘላት። ጥያቄውን ግን አልለቀቀም።

“ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይሸፍናል ብለው አልነበር? ጥርስ ደግሞ መሀል ላይ ነው።”

“ብለው ነበር” አለች።

እውነትም ብለው ነበር። ዓምና ከወረዳ የመጣው ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ እጁን ከአናቱ እስከ ጫማው እያወረደ ስለ ጤና መድን ሲናገር ሕዝቡ አጨብጭቦለታል። ዘነበች ያን ቀን ለባሏ ለአድማሱ፣ ለራሷና ለትንንሾቹ ልጆች አስመዘገበች። አስማረ ግን ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ስላለፈ ለብቻው ጭማሪ ተጠየቀበት። አድማሱ “ዓመቱን ሙሉ ከየኔታ ደጅ ለሚኖር ተማሪ ምን መድን ያስፈልገዋል? ጸሎቱ ይጠብቀው የለም?” ቢልም፣ ሁለት ዶሮ ሸጣ አስጻፈችው። እናት ናት፤ ያልመጣ በሽታ ይታያታል።

በሽታው ደግሞ መጣ። ባለፈው ገና ሁለት የላይ የፊት ጥርሶቹ ተሰበሩ። “ድንጋይ አደናቅፎኝ ነው” ብሎ ነበር። የላዩ ወደቀ፤ ሥሩ ድድ ውስጥ ቀረ። በዐቢይ ጾም አብጦ ጎደለ፣ በክረምት አብጦ ጎደለ፣ አሁን መስቀል ሲያልፍ ደግሞ ውኃ መዋጥ እስኪያቅተው አብጦ ወደ ቤቱ መጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከየኔታ ገብረ ሕይወት እግር ሥር ተቀምጦ ድጓውን ጨርሷል። የቀረው የድጓ ማስመስከሪያ ወደ ሆነው ደብር ወደ ቤተልሔም ሄዶ በሊቃውንቱ ፊት ማስመስከር ብቻ ነው። ይህን ካደረገ መምህር ነው፤ ወንበር ይዘረጋል፤ ተማሪ ይሰበስባል። እሱ ግን ከገና ወዲህ ዜማ ሲያዜም የሰማው የለም።

“ቃሉ በቀዳዳው ያመልጠኛል” ይላል። “ጥርስ ሳላስተክል ከሊቃውንት ፊት አልቆምም።”

ጥርስ የሚተክሉት ባሕር ዳር ነው አሉ፤ የግል ክሊኒክ። ዋጋው የጥማድ በሬ። አስማረ ደግሞ መላ አግኝቷል፦ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሠራተኛ የሚጭን አይሱዙ አለ። ስሙን አስጽፏል። የአባቱን ማጭድ ስሎ ከግድግዳው ላይ ሰቅሏል።

ዘነበች ያን ማጭድ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። የወንድሟ ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ፣ ቆላው ገርፎት፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ፊቱ እንደ ሽማግሌ ተጨማዶ ነው የተመለሰው። ሌሎቹ ደግሞ ጭራሹን አልተመለሱም። ሰሊጥ የሚታጨድበት አገር ልጅ ይበላል ትላለች።

“በል ደብተሩን ያዝና ሆስፒታል ሂድ” አለችው ያን ሰኞ። “ልምጣ አብሬህ?”

“ምነው እማዬ፣ ሕፃን ነኝ?”

አድማሱ ከውጭ ሆኖ ሰምቶ ሳቀ። “ጥርስ የሚተክል መንግሥት የት አይታችኋል? ባሕር ዛፍ ስንተክል እንኳ ችግኙን ያስከፍለናል!”

“አንተ ደግሞ! ዝም ብትል ምን ይጎድልሃል?” አለችው።

አስማረ ቢጫውን የመድን ደብተር በጋቢው ጠቅልሎ ሄደ። ከቀትር በኋላ ተመለሰ። ደብተሩን ከመደቡ ላይ ወረወረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

“ምን አሉህ ልጄ?”

“አይሸፍንም አሉኝ። ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ ‘አንተን መድኑ አይሸፍንም’። በቃ። የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ እሄዳለሁ።”

ወሬ እግር አለው። ሳይመሽ መንደሩ “መድኑ ጥርስ አያክምም፤ ተታለልን” አለ። ጎረቤቷ ሙሉነሽ አጥሩን ተሻግራ መጥታ፣ “እኛስ ዘንድሮ አናድስም። ዛሬ ጥርስ ያሉ ነገ ዓይን፣ ከነገ ወዲያ ጉበት እያሉ የሚሸፍነው ፀጉርና ጥፍር ብቻ ሊሆን ነው” አለች። ዘነበች ሳቅ መጣባትና እንደ መጣ ተመለሰ።

*

በማግስቱ ማክሰኞ የጎልማሶች ትምህርት ነበር። አሥራ አራት ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች በገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ፣ ለልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። የምታስተምራቸው ሀና አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የዚያው መንደር ልጅ ናት። ዘነበች ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፤ ከሁሉም በላይ ትጨነቃለች። ሌሎቹ ሲሳሳቱ ይስቃሉ፤ እሷ ስትሳሳት ያልባታል። በመጀመሪያው ወር ሀና “ከፊደል በፊት የምትወዱትን ስም ልጻፍላችሁ” ብላ የየቤታቸውን ሰው ስም በካርቶን ጽፋ ሰጥታቸው ነበር። ዘነበች ያን ካርቶን ቡሖ ዕቃው አጠገብ ሰክታ፣ ስታቦካ እያየች፣ ስትቆላ እያየች አጥንታዋለች። “አስማረ” የሚለውን ቃል ከሩቅ ታውቀዋለች፤ ልጇን በአረማመዱ እንደምታውቀው።

ሀና “ዛሬ ከቤት ያመጣችሁትን ወረቀት እናነባለን” አለች። የማዳበሪያ ከረጢት ያመጣ አለ፤ የግብር ደረሰኝ ያመጣ አለ። ዘነበች ቢጫውን ደብተር አውጥታ ገለጠችው። ከመሀሉ አንድ እጥፍ ወረቀት ወደቀ።

ከሆስፒታል የተሰጠው ወረቀት ነው። አስማረ አላነበበውም። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣው ልጅ፣ የተባለውን የሰማ መስሎት፣ ይህችን መዳፍ የምታህል ወረቀት አላያትም።

ዘነበች በጣቷ ፈለገች። መጀመሪያ የልጇን ስም። “አስማረ” የሚለውን። ከላይ ፈለገች፤ ከታች ፈለገች። የለም።

“መምህርት” አለች። “የኔ ልጅ እዚህ የለም።”

“የት ነው የሌለው እትዬ ዘነበች?”

“እዚህ። ደብተሩ ላይ አለ፤ ይኸው ሦስተኛው፣ ‘አስማረ አድማሱ’። ወረቀቱ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው።”

ሀና ልትወስድባት እጇን ዘረጋች፤ ዘነበች ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። “ቆይ፣ እኔ ልሞክር።” ላብ በግንባሯ ወረደ። “ገ…ብረ። ገብረ። ኢ…የ…ሱስ። ገብረ ኢየሱስ አድማሱ።” ተንፈስ አለች። “በ…አባል…ነት አል…ተመዘ…ገበም።”

“አልተመዘገበም” አለች ሀና በቀስታ።

“ጥርስ የሚል አለ?”

“የለም እትዬ። ጥርስ የሚል የለም።”

ዘነበች እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ገባት። ልጇን ቤት ያለ ሁሉ አስማረ ይለዋል። የኔታ ግን ተማሪ ሲቀበሉ የዓለም ስሙን ከአጥሩ ውጭ ያስቀሩታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ስምንት ዓመት ገብረ ኢየሱስ ሲባል የኖረ ልጅ፣ በሆስፒታሉ መስኮት “ስምህ ማን ነው?” ሲሉት ምን ይላል? የለመደውን ብሏል። እነሱም ደብተሩን አይተዋል፤ ገብረ ኢየሱስ የሚባል ሰው አላገኙም።

“እንግዲያ ጥርሱ አይደለም” አለች ለሴቶቹ ዞራ። “ያልሸፈኑት ስሙን ነው!”

አንዷ ሴት እልል ልትል ስትል ዘነበች “ቆይ እቴ፣ ገና ነው” ብላ አፏን ያዘቻት።

*

ረቡዕ ንፋስ መውጫ ካለው የመድን ቢሮ ደጅ ገና ሳይከፍቱ ደረሰች። ሠራተኛው ማቴዎስ የሚባል፣ ሹራብ የለበሰ፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ወጣት ነው። ዘነበች ደብተሩንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ጣቷን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሻገረች አስረዳችው።

“ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው እያሉኝ ነው?” አለ።

“እኔ ነኝ የወለድኩት። መንታ አይደለም የወለድኩት።”

“እናቴ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ኦዲተሩ ግን አያምንም። ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ልጅ ‘የክርስትና ስሙ ነው’ ብሎ ቢያሳክም መድኑ በወር ያልቃል። ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ።”

“ሊቀ መንበሩ ደብረ ታቦር ስብሰባ ላይ ነው፤ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።”

“ይጠብቁ።”

“ልጄ ማክሰኞ መተማ ሊሄድ ነው።”

ማቴዎስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ምናልባት እሱም መተማ የሄደ ሰው ነበረው። “በሁለቱም ስሞቹ የሚያውቀው፣ ዘመድ ያልሆነ የታወቀ ሰው አለ? ከልጁ ጋር ይምጣና ፈርሞ ይመስክር።”

ዘነበች ለመሄድ ተነሣች፤ ከዚያ ቆመች። “ወንድም ዓለም፣ አንድ ልጠይቅህ። መድኑ ጥርስ ይተክላል?”

“አይተክልም” አለ ወዲያው። “ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽር፣ ለውበት የሚሠራ ሕክምና አይሸፍንም። የታመመ ጥርስ ማከም፣ መንቀል፣ መድኃኒቱ፣ ራጁ፣ ይሸፍናል። ከወረቀቱ ላይ አለ።”

“ምን ወረቀት?”

ከመሳቢያው አንድ የታተመ ወረቀት አወጣ። “ለየቀበሌው ልከን ነበር።”

“ወንድም ዓለም፣ ወደኛ የመጣው እጅ እንጂ ወረቀት አይደለም” አለች፤ እጇን ከአናቷ እስከ እግሯ እያወረደች አሳየችው። ማቴዎስ ሳቀ። ሲስቅ የሃያ ዓመት ልጅ መሰለ። ወረቀቱንም ሰጣት።

የየኔታ ገብረ ሕይወት ጉባኤ ቤት ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ስትደርስ የኔታ ከወይራ ሥር ተቀምጠው ለአንድ ተማሪ ዜማ እየነገሩ ነበር። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

“የማን እናት ነሽ?”

“የአስማረ፣ የኔታ።”

“አስማረ የሚባል ተማሪ የለኝም።”

“የገብረ ኢየሱስ ማለቴ ነው።”

“እህ! እንዲያ በይ እንጂ!”

ዘነበች በዚያ ሁሉ ድካሟ ላይ ሳቋ አመለጣት። “ሆስፒታሉም እንደርስዎ ነው ያለው የኔታ! ‘እንዲህ የሚባል ሰው የለኝም’ ብሎ ነው የመለሰው።”

ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። የኔታ ጭራቸውን እያወዛወዙ ሰሙ። ስለ ማጭዱ ስትነግራቸው ጭራው ቆመ።

“ስምንት ዓመት ያሳደግሁትን ለሰሊጥ?” አሉ። “ነገ እመጣለሁ።”

*

አስማረን ከመደቡ ማንሣት ግን ከሁሉም ከበደ። የሆስፒታሉን ወረቀት አስነበበችው። አነበበ፤ ጆሮው ቀላ። ግን አልተነሣም።

“ቢነቅሉትስ ምን ይጠቅመኛል? የሚያስፈልገኝ መትከል ነው። እሱን አይሸፍኑም።”

“አዎ፣ አይሸፍኑም” አለች። “ጠይቄያለሁ።” “የኔታ ግን ለአንተ ብለው ከተማ ይወርዳሉ። እሳቸውን ልታስጠብቅ ነው?”

ተነሣ።

ሐሙስ ጠዋት የኔታ በባጃጅ መጡ። በዕድሜያቸው ባጃጅ ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከላይ እስከ ታች አቧራቸውን እያራገፉ፣ “ይህ ነገር በቅሎ ነው ወይስ ቅርጫት? ኮርቻም የለው፣ ልጓምም የለው!” አሉ። ባለባጃጁ መስቀላቸውን ተሳልሞ ሂሳብ አልቀበልም አለ።

ቢሮው ውስጥ ማቴዎስ ወንበር ሰጣቸውና ቅጹን አወጣ። “አባታችን፣ የእርስዎ ስም?”

“የትኛው? የዓለሙ ነው የክርስትናው?”

ማቴዎስ እስክሪብቶውን በአየር ላይ አቆመ። “እርስዎም ሁለት አለዎት?”

“አንተስ ስንት አለህ ልጄ?”

“እኔማ ማቴዎስ ነኝ።”

“ሲያቆርቡህስ ማን ይሉሃል?”

ማቴዎስ ወለሉን እያየ፣ “ወልደ ገብርኤል” አለ።

“እኮ!” አሉ የኔታ። “አንተ ብትታመም በየትኛው ትታከማለህ?”

አጠገቡ የነበሩት ሠራተኞች በሳቅ ፈነዱ። ማቴዎስም ሳቀ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ጻፈ። የኔታ ዘለግ ባለ የቁም ጽሕፈት ፈረሙ። ዘነበችም ፈረመች። ማቴዎስ ደብተሩን ከፍቶ “እንግዲህ የትኛውን ስም ላድርገው?” ሲላት የኔታም አስማረም ወደ እሷ ዞሩ። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት፤ በድርቅ ዘመን የተወለደ፣ ከሁለት የሞቱ ልጆች በኋላ የመጣ፣ እግዚአብሔር የማራት ልጅ ነው።

“ሁለቱንም” አለች።

“መስመሩ ጠባብ ነው እናቴ።”

“በቀጭኑ ጻፈው።”

በቀጭኑ ጻፈው። ማኅተም መታበት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ አስማረ እንደ ገና አኮረፈ። “የኔታ፣ ደክመው መጡ እንጂ ክፍተቱ እንዳለ ይቀራል። እንዴት ብዬ ነው ከቤተልሔም ሊቃውንት ፊት የምቆመው?”

የኔታ ዞር ብለው አዩት። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት አፋቸውን እስከ ጥግ ከፈቱ። “ቁጠር!”

“እ?”

“ጥርሴን ቁጠር።”

አስማረ ጎንበስ ብሎ አየ። ዘነበችም ሳታስበው አብራ አየች። ከታች ሁለት መንጋጋ አለ፤ አንዱ ይነቃነቃል። ከላይ ምንም የለም።

“ጾመ ድጓ ስትጀምር አራት ነበሩ” አሉ የኔታ አፋቸውን ዘግተው። “ስምንት ዓመት ከዚህ አፍ ተቀብለሃል። አንድ ቃል ጎደለህ?”

አስማረ ራሱን ነቀነቀ።

“ዜማውን ያስተወህ ክፍተት አይደለም፤ ሕመም ነው። አፍህን ስትከፍት ስለሚያምህ ነው የምትዘጋው። ደግሞ ‘ድንጋይ አደናቅፎኝ’ ብለኸኛል። እኔ የገና ዕለት ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ የገና ጨዋታውን አይ ነበር። አፍህን የመታህ ዱላ የማን እንደ ነበርም አውቃለሁ።”

አስማረ በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዘነበች ያለቀሰ መስሏት ልትይዘው ተነሣች፤ እየሳቀ ነበር። ከገና ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ጥርስ ሐኪሟ ሰብለ ትባላለች፤ እጇ ትንሽ፣ ቃሏ አጭር ነው። ደብተሩን አየች፣ ራጅ አስነሣች፣ በመስኮቱ ብርሃን አሳየቻቸው። “ይኸውላችሁ፣ ሁለት ሥር። መግሉ ከሥራቸው ነው ያለው። ስንት ወር ተሸከምከው አንተ?” አደነዘዘችው። ዘነበች ከበሩ ውጭ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥርና ስትፈታ ቆየች። በሩ ሲከፈት ሐኪሟ በጋዝ ጨርቅ ላይ ሁለት ጥቋቁር ስባሪዎች ይዛ ወጣች። ለዘር እንኳ የማይሆን የባቄላ ፍሬ ያህላሉ። ይህን ሁሉ ወር ቤቷን ያተራመሱት እነዚህ ናቸው።

“መትከሉስ፣ ዶክተር?” አለች ዘነበች። መልሱን ታውቃለች፤ ልጇ ከሐኪሟ አፍ እንዲሰማው ፈልጋ ነው።

“መትከል እኛ ጋ የለም፤ መድኑም አይከፍልም። ሌላ ቦታ ለሚያስተክልም አጥንቱ እስኪድን ወራት መጠበቅ አለበት። በገንዘባችሁ የሚወለቅ ጥርስ ማሠራትም ትችላላችሁ፤ እሱም ቢሆን አሁን አይደለም። አሁን የሚያስፈልገው ይህን መድኃኒት መዋጥ፣ በጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ መተኛት ነው።”

በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ያለችው ልጅ ደብተሩን ገልጣ “ስም?” አለች። አስማረ አፉ በጥጥ ተሞልቷል። ዘነበች መለሰችለት።

“አስማረ፣ ገብረ ኢየሱስ፣ አድማሱ።”

ልጅቱ በጣቷ መስመሩን ተከተለች። “አለ” አለች። መድኃኒቱን ሰጠቻቸው። የጠየቀቻቸው ሳንቲም የለም።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከደጀ ሰላሙ ሳይበተን ሙሉነሽ “ከመድኑ የምንወጣ እንጻፍ” እያለች በአንድ ተማሪ እያስጻፈች ስም ታሰባስብ ነበር። ዘነበች ያ ከወረዳ የመጣው ሰው በቆመበት ድንጋይ ላይ አልወጣችም፤ ከጎኑ ቆመች። ማቴዎስ የሰጣትን ወረቀት ዘረጋች። ሙሉነሽን “አንዱን ጫፍ ያዥልኝ” አለቻት።

ሙሉነሽ ያዘች፤ ምን ታድርግ።

ዘነበች አነበበች። ቀስ ብላ፣ እየቆመች፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየመለሰች። የሚሸፍነውን አነበበች፤ የማይሸፍነውን አነበበች።

“መነጽርስ?” አለ አንድ ሽማግሌ።

“አይሸፍንም። የዓይን ሕክምናውን ግን ይሸፍናል።”

“ወሊድ?”

“ይሸፍናል።”

“ጥርስ?” አለች ሙሉነሽ፤ ጫፉን እንደያዘች።

“ይነቅላል እንጂ አይተክልም።”

አድማሱ ከወንዶቹ መሀል “እኔ ያልኩት ይህንን አልነበር? ባሕር ዛፍ እንኳ…” ሲል ሳቅ ዋጠው። ዘነበች ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች።

“የቀረ መስመር አለ” አለች፤ ማንበቧንም ቀጠለች። ወደ መጨረሻው ስትደርስ ሙሉነሽ የሰበሰበችውን ስም ዝርዝር ከነጠላዋ ጫፍ ውስጥ ቋጥራ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዘነበች ለላሟ ድርቆሽ ስትሰጥ ከቤቱ ጓሮ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ቀስ ያለ፣ እንደሚሞክር ሰው፤ ቆመ፤ እንደ ገና ተነሣ። ግዕዝ አታውቅም። ቃሉ ይጎድል አይጎድል አታውቅም። ድምፁ ግን ከጓሮው ተነሥቶ፣ የገብሱን ማሳ ተሻግሮ፣ ከማዶው ገደል ተመልሶ መጣ። ማሳውን ይጎበኝ የነበረው አድማሱ ቀና ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እስኪጨርስም አልደፋውም።

ማክሰኞ ማለዳ አይሱዙው ከታች መንገድ ላይ ጥሩንባ ነፋ። አስማረ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ለብሶ ነበር። ከግድግዳው ላይ ማጭዱን አወረደ። ዘነበች እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ አየችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የምታውቀውን ሁሉ ነግራዋለች፤ አንብባለታለችም። ጥሩንባው እንደ ገና ነፋ። አስማረ ማጭዱን ይዞ ወጣ።

በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። አባቱ በረቱን እየጠረገ ነበር። አስማረ ማጭዱን እጀታውን አዙሮ ሰጠው። “ገብሱ ሳምንት ይደርሳል አባዬ። ያንተ ይሻላል፤ የተሳለ ነው።” አድማሱ ተቀበለውና በአውራ ጣቱ ስለቱን ፈተሸ። አስማረ ተመልሶ ገባና የድጓውን ማኅደር ከምሰሶው አወረደ፤ በትከሻው አነገተው።

“እስከ ወንዙ ትሸኚኛለሽ እማዬ?”

ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ጉባኤው ሲመለስ እስከ ወንዙ ሸኝታዋለች፤ እስከ ማዶው ዳገት ድረስ በዓይኗ ተከትላዋለች። ፀሐይዋን አየች። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሀና “ከዛሬ ጀምሮ አዲስ የመጡትን ሴቶች አንቺ ታስጀምሪልኛለሽ” ብላታለች። አራት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ሙሉነሽ።

“እስከ አጥሩ” አለች። ጉንጩን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፤ እብጠቱ ጎድሏል። “ክፍል አለብኝ።”

ያን ማክሰኞ አይሱዙው ከዚያ መንደር ዘጠኝ ልጆች ጭኖ ወደ መተማ ሄደ። አስማረ በእግሩ ወደ ቤተልሔም ሄደ። ዘነበች ቀረች።